የእንግዳ ድልድይ

ስብሰባ ላይ ተቀምጣችሁ፣ ዛሬስ አንድ ቃል አልተነፍስም ብላችሁ ለራሳችሁ ቃል ገብታችሁ፣ ከዚያ የገዛ እጃችሁ ሳያማክራችሁ ብቻውን ወደ ላይ ሲወጣ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አይቻለሁ። ከታች ሆኜ ቀና ብዬ ሳየው የሌላ ሰው እጅ ነው የመሰለኝ። «ኧረ ውረድ» ልለው ስል ሰብሳቢው «እሺ፣ መምህር» አሉኝ። አለቀ።

ይህ ያልደረሰበት ሰው ካለ የታደለ ነው፤ ቀጥሎ ያለውን በሌላ ሰው ላይ እንደ ደረሰ አደጋ አድርጎ ያንብበው። የደረሰበት ግን አብሮኝ ይፍራ። ብቻዬን መፍራት ሰልችቶኛል።

ነገሩን በሥርዓት ላስረዳ። ማስረዳት እወዳለሁ። ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ገባን እኮ!» ካሉኝ በኋላ እንኳ አንድ ጊዜ ደግሜ ካላስረዳሁ ምሳዬ አይወርድልኝም። የማስተምረው አካባቢ ሳይንስ ነው። ተወልጄ ያደግሁት ጎጃም ሲሆን፣ የተመደብኩት ከቡታጅራ ወጣ ብሎ፣ ከዋናው መንገድ ተገንጥሎ፣ ወንዝ ተሻግሮ ባለ ትምህርት ቤት ነው። «ወንዝ ተሻግሮ» ያልኩትን ልብ በሉልኝ፤ መከራው ሁሉ እዚያ ላይ ነው።

ወንዙ በበጋ ወንዝ አይባልም፤ ዶሮ ትሻገረዋለች። ተራራው ላይ ሲዘንብ ግን፣ እኛ ጋ አንዲት ጠብታ ሳትወርድ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አፈር የጠጣ ውሃ እየጮኸ ይመጣል። ማቋረጫችን በላዩ ላይ የተጋደመ አንድ የባሕር ዛፍ ግንድ ነው። በየክረምቱ ወንዙ አንዱን ይወስዳል፤ ሰው ሌላ ያጋድማል። ከተማሪዎቼ ግማሾቹ ደግሞ ከወንዙ ወዲያ፣ በመኪናው መንገድ በኩል ነው የሚኖሩት።

ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ ሰሚራ የምትባል ተማሪዬ ከግንዱ ላይ ተንሸራተተች። የተረፈችው የደብተር ቦርሳዋ ማንጠልጠያ የተሰበረ ቅርንጫፍ ላይ ተይዞ ነው። ሰሚራ የሐጂ ሙዘይን የልጅ ልጅ ናት። ሐጂ ደግሞ በአካባቢው ቃላቸው የሚከበር፣ ሲቆጡ ድምፃቸውን ዝቅ የሚያደርጉ ሽማግሌ ናቸው። በማግስቱ ትምህርት ቤት መጡና፣ ከአጥሩ በር ሳያልፉ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣

«መምህር፣ ልጅቱ ድልድይ ሲኖር ትመጣለች» አሉኝ።

«መቼ ነው እሱ፣ ሐጂ?»

«እሱን አላህ ያውቃል» አሉና ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ የሰሚራ ቦታ ባዶ ነው። እሷን አይተው ሌሎችም ወላጆች ልጆቻቸውን አስቀሩ። ባዶው ቦታ ደግሞ ከፊት፣ ልክ አፍንጫዬ ሥር ነው። የውሃ ዑደትን የማስተምረው ወደ ጣሪያው እያየሁ ሆኗል። ተማሪዎቼም ዝናብ የሚመጣው ከጣሪያው ይመስል አብረውኝ ቀና ይላሉ።

እንግዲህ እጄ ብቻውን የተነሣው ስለዚሁ ወንዝ በተጠራው ስብሰባ ላይ ነው። ስብሰባው ጀፎረው ላይ ነበር። ጀፎረ ማለት፣ ለማያውቅ ላስረዳ፣ በጉራጌ መንደር በቤቶቹ ፊት ለፊት የሚዘረጋ ሰፊ የሣር መንገድ ነው። ሠርጉም ለቅሶውም እዚያ ነው፤ ከእሱ ላይ ስንዝር ቆርሶ ወደ ግቢው የሚያስገባ ሰው አይገኝም። እኔ በተወለድኩበት አገር እንዲህ ያለ ሜዳ ቢኖር ገና ድሮ ታርሶ ነበር። እዚህ ግን የሁሉም የሆነውን ነገር ሁሉም ይጠብቀዋል። ይህንንም ልብ በሉልኝ።

ከመንግሥት ድልድይ እንጠይቅ በሚለው ሁሉም ተስማምቷል። የቀረው ማን ሄዶ ምን ይበል የሚለው ነው። አንዱ «ሄደን በራቸው ላይ እንቀመጥ» አሉ። ሌላው «ሴቶቹ ሄደው ያልቅሱ» አሉ። ይህን ስሰማ በውስጤ ያለው መምህር አላስችለው አለ። ተነሥቼ ጥያቄ እንዴት እንደሚቀርብ፣ ችግሩ እንዴት እንደሚተነተን፣ የኅብረተሰቡ ተሳትፎ የት ላይ እንደሚገለጽ አስረዳሁ። 

«ይኼ ልጅ የቢሮ ቋንቋ ይናገራል!» አሉ እትዬ ራህመት ከሴቶቹ መካከል ተነሥተው። እትዬ ራህመት ቡታጅራ ገበያ በርበሬ ይሸጣሉ፤ ድምፃቸውም ከበርበሬያቸው አይተናነስም። «ወላሂ ካለው አንድም አልገባኝም! ቢሮ ያሉትም የሚያወሩት ልክ እንዲህ ነው። እሱ ይሂድ!»

ተጨበጨበ። ዱዓ ተደረገልኝ። ዱዓው ረጅም ነበር፤ በሄድኩበት የምቀር ይመስል።

አሁን ስለ ፍርሃቴ ትንሽ ላስረዳ። እኔ ውሻ አልፈራም። ጅብም ከሩቅ ከሆነ እንችላለን። ቢሮ ግን እፈራለሁ፤ በተለይ በሩ ገርበብ ያለ ቢሮ። የተዘጋ በር ይንኳኳል፤ የተከፈተ በር ይገባበታል። ገርበብ ያለው ግን ምን ይደረጋል? ቢያንኳኩት ይከፈታል፣ ዝም ብለው ቢገቡ ብልግና ነው፣ ቆመው ቢጠብቁ ደግሞ ሰላይ ያስመስላል። ከሐጂና ከእትዬ ራህመት ጋር ቡታጅራ የደረስንበት ቢሮ፣ ያው ዕድሌ ሆኖ፣ በሩ ገርበብ ያለ ነበር። እኔ ፊቱ ቆሜ ሳሰላስል እትዬ ራህመት በትከሻቸው ገፍተውት ገቡ።

ከጠረጴዛው ኋላ የነበሩት ወይዘሮ አስቴር ይባላሉ። እንዲህ ያሉ ጥያቄዎችን የሚመረምረው ቡድን መሪ ናቸው። ከመነጽራቸው በላይ አዩን። 

«ውሃ» ብዬ ጀመርኩ፣ «እንደሚታወቀው፣ ከከፍተኛ ቦታ ወደ ዝቅተኛ ቦታ...»

«መምህር፣ ውሃ ወዴት እንደሚፈስ አውቃለሁ» አሉ ወይዘሮ አስቴር።

«ድልድይ የለንም» አሉ እትዬ ራህመት። «ልጆቻችን ሊያልቁብን ነው። ይኸው ነው ነገሩ።»

«ይኼ ገባኝ» አሉ ወይዘሮዋ፤ መነጽራቸውንም አወለቁ። «ግን እናንተ ብቻ አይደላችሁም። የሚመጣው ቀበሌ ሁሉ የእኔ ይብሳል ነው የሚለው። ስለዚህ የምናምነው ዓይናችንን ነው። አንድ ቀን እንመጣለን። ችግሩን ካየን እንጽፋለን። ካላየን በጀቱ ወደሚቀጥለው ቀበሌ ያልፋል።»

«አንድ ቀን ብቻ?» አልኩ።

«አንድ ቀን ብቻ።»

ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሐጂ ወደ እኔ ዞሩና፣

«እንግዶቹ ወንዙን ይሻገራሉ?» ብለው ጠየቁኝ።

«መሻገርማ አለባቸው፣ ሐጂ! ካልተሻገሩ ምኑን ያያሉ?»

ሐጂ ፊታቸው ተጨነቀ። ወደ እትዬ ራህመት ዞሩና በራሳቸው ቋንቋ ብዙ አወሩ። እኔ ከቋንቋው የለመድኩት ሰላምታና የምግብ ስም ነው። በመጨረሻ ሁለቱም ወደ እኔ ዞረው አንድ ነገር ጠየቁኝ፤ በዚያው በቋንቋቸው። የመምህርነት ክፋቱ አልገባኝም ማለት አለመቻሉ ነው። ራሴን በእርግጠኝነት ነቀነቅሁ።

በዚያው ሳምንት ለመምህራን ሥልጠና ወልቂጤ ሄድኩ። ሥልጠናው ስለ ምን እንደነበር አልነግራችሁም፤ ስላልሰማሁት ነው። አዳራሹ ውስጥ ተቀምጬ የማስበው ያቺን አንዷን ቀን ብቻ ነበር። በዚያ ቀን ወንዙ ቢደርቅስ? ዶሮ ስትሻገር ቢያዩስ? ምሳ ቀርቦልኝ በማንኪያዬ ወጡ ላይ ወንዝ ስሥል ጎኔ የነበረው መምህር «አሞሃል እንዴ?» ብሎኛል። ከዚያ ስልክ ተደወለ። ወይዘሮ አስቴር ነበሩ። ነገ እንሄዳለን፣ መንገድ እንድታሳየን ቡታጅራ ጠብቀን አሉ።

ሐጂ ጋ ብደውል ስልካቸው አይሠራም። እትዬ ራህመት አነሡ።

«ነገ ሊመጡ ነው!» አልኳቸው።

«ይምጡ፣ ይምጡ! ሁሉ ነገር ዝግጁ ነው» አሉ። ከኋላቸው የመዶሻ ድምፅ ይሰማል። የመዶሻው ድምፅ ምንድን ነው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም።

በማግስቱ በቡድኑ መኪና ስንሄድ ወይዘሮ አስቴር ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ከጎኔ ደግሞ ለዚሁ ሥራ ከወልቂጤ የመጣ ኢንጂነር ዳንኤል የሚባል ወጣት ነበር። ነጭ የስፖርት ጫማ አድርጓል። ጫማውን ሳየው ደስ አለኝ፤ ጭቃ ሲነካው ችግራችን ይገባዋል ብዬ ነው። መንገዱን ሙሉ አስረዳሁ። ግንዱ እንዴት እንደሚያዳልጥ፣ ልጆቹ ደብተራቸውን በጥርሳቸው ነክሰው እንዴት በእጅና በእግራቸው እንደሚድኹ፣ አዋቂ ሰው እንኳ መካከል ሲደርስ ዓይኑን ጨፍኖ እንዴት እንደሚጸልይ ነገርኳቸው። ከምናገረው የተነሣ እኔው ራሴ ላብ በላብ ሆንኩ።

«መካከል ላይ ዓይኑን ከጨፈነ አይወድቅም እንዴ?» አለ ኢንጂነሩ።

«አዩ! ችግሩ ይኸው ነው!» አልኩ።

የመጨረሻውን ቁልቁለት ታጥፈን ወንዙ ሲታየን መኪናው ቆመ። መጀመሪያ ያሰብኩት ሌላ ወንዝ ጋ ነው የመጣነው ብዬ ነው።

ድልድይ ነበረ። አዲስ ድልድይ። ቅርፊቱ ተልጦ የሚያበራ ባሕር ዛፍ ከዳር እስከ ዳር ተደርድሯል። ግራና ቀኝ የእጅ መደገፊያ አለው። ወለሉ ላይ ለምለም ሣር ተጎዝጉዟል። መግቢያው ላይ የእንሰት ቅጠል እንደ ቅስት ቆሟል። ከወዲህም ከወዲያም ሰው ነጭ ለብሶ ተሰልፏል፤ ከቅስቱ ሥር ሐጂ ሙዘይን ከዘራቸውን ተደግፈው ፈገግ ብለዋል። አሮጌው ግንድ ከታች በኩል ነበር፤ እንዳያሳፍራቸው እሱን በቅጠል ሸፍነውታል።

«መምህር» አለ ኢንጂነሩ ቀስ ብሎ፣ «ግንዱ የቱ ነው?»

ከመኪናው ወርጄ ወደ ሐጂ ሮጥኩ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ሐጂ!»

«ወአለይኩሙ ሰላም፣ መምህር! እንዴት አየኸው?»

«ሐጂ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ድልድይ ነዋ!»

«የመጡት እኮ ድልድይ እንደሌለን ሊያዩ ነው!»

«አውቃለሁ» አሉ ሐጂ። «ታዲያ በምን ይሻገሩ? መሻገር አለባቸው ያልከው አንተው አይደለህ? እንግዳ ጠርተን ሱሪውን ሰብስቦ ውሃ ይግባ? ወይስ በዚያ ግንድ እንደ ጦጣ ይለፍ? ሰው ምን ይለናል?»

«ሚኒባስ ውስጥ ጠይቀንህ ራስህን ነቅንቀህ እኮ ነው የሠራነው» አሉ እትዬ ራህመት። «አሁን ደግሞ ፊትህ አመድ የመሰለው ለምንድን ነው? ሣቅ እንጂ፣ እንግዳ ቆሟል!»

ወይዘሮ አስቴር ደረሱ። መደገፊያውን በጣታቸው ነካ ነካ አደረጉ።

«ማነው የሠራው?»

«ሕዝቡ ነው» አሉ ሐጂ። «ከየግቢያችን ዛፍ ቆረጥን፤ ወንዱ ቆፈረ፣ ሴቱ ከቃጫ ገመድ ገመደ። በሳምንት አለቀ።»

«በሳምንት!» አሉ ወይዘሮዋ ወደ ኢንጂነሩ ዞረው። «እኛ ብንሆን ይኼኔ ገና ጥናት ላይ ነን።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ ሕዝቡ ችግሩን በራሱ ፈትቷል ብለን ነው የምንጽፈው። ለሌሎች ቀበሌዎች ምሳሌ ናችሁ። በጣም ነው ያኮራችሁን።»

ሐጂ በኩራት ቀና አሉ። እኔ ጎበጥኩ። ምስጋና እንዲህ ሲያስፈራ አይቼ አላውቅም።

ጭንቀቴን አስቡት። ድልድዩ አይረባም ብል፣ ሰው ከግቢው ዛፍ ቆርጦ፣ ላቡን አፍስሶ የሠራውን በእንግዳ ፊት ማዋረዴ ነው፤ ከዚያ በኋላ ጀፎረው ላይ በየት በኩል አልፋለሁ? ያምራል ብል ደግሞ በጀቱ ዛሬውኑ አለፈ። ክረምት ሲገባ ያ ለጋ ባሕር ዛፍ ከነሣሩ ይሄዳል፤ ባዶው ቦታ አፍንጫዬ ሥር እንዳለ ይቀራል፤ ከእሱም ጎን ያለው ተከትሎ ባዶ ይሆናል። አንድ ቀን ብቻ ነበረን፤ ያቺም እየመሸች አይደለም፣ ገና በጠዋቱ እየሞተች ነው።

«እንግዲህ፣ ወይዘሮ አስቴር» አልኩ፣ «ይህ ድልድይ እጅግ ቆንጆ ነው። ሆኖም ቁንጅናን ከጥንካሬ አንጻር ስንመለከተው...»

ሐጂ ዓይናቸውን ጣሉብኝ።

«...ቁንጅናው ይበልጣል» ብዬ ጨረስኩ።

«ቆንጆ ከሆነ እንለፍበት እንጂ!» አለ ኢንጂነሩ፤ ቀድሞም ገባ።

አሁን አንድ ነገር ላስረዳ፤ የመጨረሻዬ ነው። በዚህ አገር እንግዳ ብቻውን አይሄድም። ከኋላው ይሸኙታል፣ ከፊቱም ይቀበሉታል። ስለዚህ እኛ ስንገባ ከኋላችን ሐጂ፣ እትዬ ራህመትና ተሰልፎ የነበረው ሰው ሁሉ ተከተለ። በዚያው ቅጽበት ከማዶ የነበሩት ሽማግሌዎች እጃቸውን ዘርግተው ሊቀበሉን ወደ እኛ መጡ። የተገናኘነው ልክ መካከሉ ላይ ነው።

«እለፉ፣ እለፉ» አሉ ከማዶ የመጡት።

«ኧረ አይሆንም፣ እናንተ እለፉ» አሉ ወይዘሮ አስቴር።

«ወላሂ እንግዳ ሳያልፍ አናልፍም!»

«እንዴት ነው ሽማግሌ ቆሞ እኛ የምናልፈው?»

ሁሉም እየተጎነበሰ፣ እጅ እየነሣ፣ ማንም ማንንም ሳያሳልፍ ከኋላ ሰው መጨመሩን ቀጠለ። ድልድዩ መጀመሪያ ትንሽ ጮኸ። ከዚያ ብዙ ጮኸ። ከዚያ እንደ አልጋ መካከሉ ሰመጠ። እኔ ያኔ ወደ ታች አየሁ።

ውሃው ቀለሙን ለውጧል።

ተራራው ላይ ዘንቧል። ስናየው ከነበረው ቀጭን ውሃ ኋላ ሌላ ውሃ፣ ቅርንጫፍና አረፋ ተሸክሞ፣ እያጉረመረመ እየመጣ ነው። ማስረዳት ፈለግሁ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃል አልወጣልኝም። ጉልበቴ ብቻውን ታጠፈና ሣሩ ላይ በእጄና በእግሬ ሆኜ ራሴን አገኘሁት።

«ቲቸር!» አሉ እትዬ ራህመት ከኋላ። «ተነሥ! ምን ሆነህ ነው? ተማሪዎችህ ያዩሃል እኮ!»

«እዚሁ ይሻለኛል» አልኩ።

በዚያን ጊዜ ከሣሩ ሥር አንድ ነገር ተሰበረና የኢንጂነሩ አንድ እግር እስከ ጭኑ ገባ። ነጩ ጫማ ከበታቻችን አየር ላይ ሲወዛወዝ በስንጥቁ በኩል አየሁት። ኢንጂነሩ ጮኾ መደገፊያውን ያዘ። መደገፊያው አብሮት መጣ። መደገፊያውን ሲያጣ የእኔን አንገት ያዘ። አንገቴም አብሮት ሊሄድ ምንም አልቀረው። ሽማግሌዎቹ ተረጋግተው በብብቱ ይዘው አወጡት፤ አንዱም የሣሩን ትቢያ ከሱሪው ላይ አራገፉለት።

«ማንም እንዳይንቀሳቀስ!» አሉ ወይዘሮ አስቴር። ድምፃቸው ከቢሮው ድምፃቸው ጋር ዝምድና አልነበረውም። መነጽራቸውን በአንድ እጃቸው፣ የሐጂን ክንድ በሌላው ይዘዋል። «አባባ... ልጆቹ በዚህ ነው የሚያልፉት?»

ሐጂ ደነገጡ፤ የሰደቧቸው ያህል ነው የደነገጡት።

«በዚህ? ኧረ በጭራሽ!» አሉ። «ይኼ ለእናንተ የተሠራ ነው። እኔ የልጅ ልጄን በዚህ አላሳልፍም።»

ወይዘሮዋ ወደ ተሰበረው ወለል ተመለከቱ።

«እኛንስ ታዲያ?» አሉ ወይዘሮ አስቴር በቀጭን ድምፅ።

«እናንተማ እንግዳ ናችሁ» አሉ ሐጂ፣ ክንዳቸውን በሚያጽናና እጅ መታ መታ እያደረጉ። «እንግዳን አላህ ይጠብቃል።»

«ልጆቹስ በምን ነው የሚያልፉት?»

ሐጂ ዓይናቸውን ወደ ከዘራቸው ሰበሩ። አፍረው ነው። ነገር ግን መመለስ አላስፈለገም። ለእንግዶቹ ሲባል ትምህርት ቤት ቀደም ብሎ ተለቆ ነበር። ድልድዩ የእንግዳ ነው፣ እንዳትረግጡት፣ ሣሩን እንዳታበላሹት ተብሎ የተነገራቸው ልጆች ወደ አሮጌው ግንድ ወርደዋል። የፊተኛዋ ግንዱ የተሸፈነበትን ቅጠል በእግሯ እየገፋች ወጣች። ቅጠሉ ከሥሯ ተንሸራቶ ውሃው ላይ ሲወድቅ አየን፤ ውሃውም ወዲያው ዋጠው። ከኋላዋ ሌላ፣ ከኋላው ሌላ፣ ደብተራቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው፣ እጃቸውን ዘርግተው፣ ዝም ብለው አለፉ። ከመካከላቸው አንዱ እኔን በእጅና በእግሬ ሆኜ አየኝና «ሰላም ነው፣ ቲቸር?» ብሎ አለፈ። ግንዱ ላይ ቆሞ።

ያን ጊዜ የፈራሁትን ፍርሃት ላስረዳችሁ አልሞክርም። ለራሴ አልነበረም፤ ስለ ድልድዩም አልነበረም። የመጨረሻው ልጅ ማዶ እስኪረግጥ ድረስ ከመካከላችን የተነፈሰ ያለ አይመስለኝም። ወይዘሮ አስቴር እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆመዋል። እኔም አንድ ቃል አልጨመርኩም። ብጨምር ኖሮ አበላሸው ነበር።

ከዚያ በኋላ አንድ በአንድ እየሆንን ወጣን። ማዶ ጀፎረው ላይ ክትፎው ከነቆጮው ቀርቦ ነበር። ማንም በደንብ አልበላም፤ ሁሉም የሚያስበው መመለሻውን ነው።

«ሌላ መንገድ የለም?» አለ ኢንጂነሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ።

«የለም።»

«በጭራሽ?»

«መምጣታችሁ እኮ ለዚሁ ነው።»

ውሃው ሲጎድል ኢንጂነሩ ጫማውን አውልቆ፣ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ወንዙ ውስጥ ገብቶ ተሻገረ። ወይዘሮ አስቴርም ቀሚሳቸውን ሰብስበው ተከተሉት። ሐጂ ከዳር ቆመው አንገታቸውን ደፉ። «በእኛ አገር የእንግዳ እግር ረጠበ» አሉ። ያን ቀን ከሁሉም ያዘኑት እሳቸው ናቸው።

ወይዘሮ አስቴር መኪና ውስጥ ከገቡ በኋላ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ጠሩኝ።

«መምህር፣ ድልድዩን መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ ዋሽተኸኛል ብዬ ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁን ደግሞ አሳንሰህ የነገርከኝ ነው የመሰለኝ።» መስኮቱን ዘጉ።

ክረምቱ እንደ ገባ የመጀመሪያው ደራሽ ውሃ የእንግዳውን ድልድይ ይዞት ሄደ። ተሰብስበን ነበር ያየነው። ከነመደገፊያው፣ ባንድ ላይ፣ እንደ ታዛዥ ልጅ ዝም ብሎ ነው የሄደው። እትዬ ራህመት «ቲቸር የተንበረከከበት ቦታ ያውና!» ብለው ሰውን አሳቁ፤ እኔ ግን ላቤ ቀዝቅዞ ቀረ። ዝናቡ ካለፈ በኋላ ደግሞ መኪና መጥቶ ብረትና ሲሚንቶ አራገፈ። ዛሬ በሁለቱም ዳር የድንጋይ ግድግዳ ቆሟል። ሐጂ በየቀኑ ይመጣሉ። ግድግዳውን በከዘራቸው መታ መታ ያደርጉታል፣ ጆሯቸውን ያስጠጋሉ፣ አንድም ቃል ሳይናገሩ ይመለሳሉ። ይበቃል ብለው ሰሚራን የሚልኩበትን ቀን እየጠበቅሁ ነው። ድልድዩ አላለቀም፤ ስለዚህ አሁንም እፈራለሁ፤ ተራራው ሲጠቁር ማስተማሬን አቁሜ ልጆቹን እቆጥራለሁ።

እና አንድ ነገር እለምናችኋለሁ፤ እናንተም ሞክሩት። ሠፈራችሁ የጎደለው ነገር ካለ፣ መንገድም ይሁን ውሃ ወይም ጤና ኬላ፣ ከጠየቃችሁ በኋላ ማስረዳቱን ተዉት። የሚወስነውን ሰው በክብር ጥሩት፤ ችግሩ መካከል ድረስ ይዛችሁት ግቡና ዝም በሉ። ሲፈራ ቶሎ አታጽናኑት። ብቻ አደራ፣ እሱን ወደ መካከል ልካችሁ እናንተ ከዳር ሆናችሁ እንዳትመለከቱ። አብራችሁት ግቡ፤ በሚነቃነቀውም በኩል እናንተ ቁሙ።